የሕንዱ ዋሽንት፣ የቻይናው ማሲንቆና የአባቴ ክራር

ለኮንሰርቱ የተጠራሁት ለማስተርጎም ነበር። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ከተማ ውስጥ የውጭ ሰው መጥቶ የሚያግባባው ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚደወለው ለእኔ ነው። ለቡና ገዢዎች አስተርጉሜያለሁ፣ ንብ ለሚያጠኑ ሰዎች አስተርጉሜያለሁ፣ አንድ ጊዜም ወፍ ለማየት ብቻ ለመጡ ባልና ሚስት ሦስት ቀን ጫካ ለጫካ ዞሬያለሁ። ሙዚቃ ማስተርጎም ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

የጠራኝ የከተማው የባህል ጉዳይ ኃላፊ ነው። ወጣት፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር፣ አንድ ሐሳብ ከያዘ የማይለቅ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምሩ አንድ ሕንዳዊ አዛውንት ከክፍል ሲመለሱ በረንዳቸው ላይ ዋሽንት እንደሚነፉ ሰምቷል። ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ሥራ ላይ ያለ አንድ ቻይናዊ መካኒክ ደግሞ ማሲንቆ የመሰለ ነገር እንደሚመታ ነግረውታል። መንገዱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ የሕንዳዊውም ውል በዓመቱ መጨረሻ ያበቃል። ሁለቱም ሳይሄዱብን አንድ መድረክ ላይ እናውጣቸው አለኝ። መጀመሪያ ለየብቻ ይጫወታሉ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ። እኔ ማግባባት ብቻ ነው ያለብኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ እሺ አልኩ።

ሕንዳዊውን ሁላችንም ዶክተር እንላቸው ነበር። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አብረዋቸው ነበሩ። ዶክተሩ ሲነፉ እሳቸው ጎናቸው ቁጭ ብለው ምቱን በእጃቸው ይቆጥራሉ፤ አንዴ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ መታ ያደርጋሉ፣ አንዴ ጣታቸውን ከትንሿ ጀምረው አንድ በአንድ ያጥፋሉ፣ አንዴ እጃቸውን ይገለብጣሉ። መጀመሪያ ሳየው ጸሎት መስሎኝ ነበር። ዋሽንታቸው ከእኛው ዋሽንት ብዙም አይርቅም፤ ቀርከሃ ነው፣ ቀዳዳው ግን ይበዛል፣ የሚነፋውም ከጫፉ ሳይሆን በአግድም ተይዞ ከጎኑ ነው።

ቻይናዊው ከእኔ ጋር የዕድሜ እኩያ ይሆናል፤ አርባን ተጠግቷል። እንግሊዝኛ አይችልም። አማርኛ ግን ከመንገድ ሠራተኞች ተምሯል፤ ስለዚህ «ቁልፍ»፣ «ዘይት»፣ «ግፋ»፣ «ተወው»፣ «ነገ»፣ «ችግር የለም» የሚሉትን ጥርት አድርጎ ይላቸዋል፣ ሌላውን ነገር በእነዚያው ቃላት እየጠጋገነ ያደርሳል። መሣሪያው ባለሁለት ክር ማሲንቆ ነው ማለት ይቻላል። ከታች ባለስድስት ጎን ትንሽ ሳጥን አለችው፣ ፊቷ በዘንዶ ቆዳ የተለበጠ፤ ደጋኑ በሁለቱ ክሮች መካከል ገብቶ ነው የሚሳበው። የሚዛን እርጥበት ቆዳውን ስለሚያላላበት ካምፕ ውስጥ የብየዳ ዘንግ ከሚደርቅበት ሳጥን አጠገብ ሰቅሎ ነው የሚያስቀምጠው።

የመጀመሪያው ልምምድ እኛ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ሆነ። ለየብቻ ሲጫወቱ ሁለቱም ደስ ይሉ ነበር። ዶክተሩ አንዱን ድምፅ ይዘው ወደ ሌላው ሲሄዱ አይዘሉም፤ ጭቃ ላይ እንደሚንሸራተት ሰው ይሳባሉ። የመካኒኩ ክር ደግሞ የሰው ጉሮሮ ነበር የሚመስለው፤ አንዳንዴ ለማጥናት ግቢ የመጡ ተማሪዎቼ በመስኮት ዘንበል ብለው ማን እያለቀሰ ነው ብለው እስኪጠይቁ ድረስ። አብረው ሲጀምሩ ግን ነገሩ ተበላሸ። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል። ድምፃቸው ይነካካና እንደ ዝገት ይፋቃል። ዶክተሩ ዋሽንታቸውን ከከንፈራቸው አወረዱና በእርጋታ፣ በእንግሊዝኛ፣ ክሩ ከዋሽንቱ ትንሽ ዝቅ እንዳለ፣ እንደዚያ ከሆነ ልክ እንደማይመጣ ነገሩኝ።

ያን ሳምንት ፈተና ሳርም ነበር የሰነበትኩት፤ ደክሞኛል። ወደ መካኒኩ ዞርኩና «ልክ አይደለህም ይሉሃል» አልኩት።

«እኔ?» አለኝ።

«አዎ፣ አንተ።»

ደጋኑን አላላ። መሣሪያውን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ለዶክተሩ ባለቤት አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ወጣ። ዶክተሩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሥራ ይኖርበት ይሆናል አልኳቸው። እውነት መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። እንጠብቀው ብለን ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። የባህል ኃላፊው ባነሩን አሠርቶ ጨርሷል፤ በሁለቱም አገር ስም፣ በትልልቅ ፊደል። ስልኩን እያገላበጠ ክፍሉ ውስጥ ይመላለሳል። እኔም የካምፑን ፎርማን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። ፎርማኑ የአገሬ ሰው ነው፣ ልጁን አስተምሬለታለሁ። ጥያቄዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ «ቲቸር፣ ሰውዬውን እብድ ብላችሁታል አሉ» አለኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ቀዘቀዝኩ። የተናገርኩት በጆሮዬ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ዶክተሩ የተናገሩት ስለ ክር ነው፤ እኔ ያስተላለፍኩት ስለ ሰው ነው። ካምፕ ውስጥ ደግሞ «ልክ አይደለህም» የሚባለው ሰክሮ ለመጣ፣ ወይም ራሱን ለሳተ ሰው ነው። ሰውዬው የአማርኛ ትምህርት ቤቱ እዚያ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪ በአንድ ቃል ሲሳሳት በቀይ እስክሪብቶ የማሰምር ሴት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አበላሽቼ ሰው አባረርኩ።

ለዶክተሩ እዚያው ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ባለቤታቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና ዛሬውኑ ሂጂ አሉኝ። ሄድኩ።

ካምፑ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ስደርስ መካኒኩ ግሬደር ስር ተኝቷል፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። መምጣቴን ነገሩት። አልወጣም። ቆሜ ጠበቅኩ። የያዘውን ብሎን አጥብቆ ጨርሶ ሲወጣ እጁ ሁሉ ግሪስ ነበር፣ አላየኝም፤ ጨርቁን አንስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ መጥረግ ጀመረ። በመንገድ ላይ ረጅም ይቅርታ አዘጋጅቼ ነበር። ፊቱን ሳየው ረጅሙን ተውኩት፤ እሱ የሚያውቃቸውን ቃላት ብቻ መፈለግ ጀመርኩ።

«ዶክተር ጥሩ ሰው ናቸው» አልኩት። «እሳቸው ያሉት፣ ክር ትንሽ ወርዷል። አንተን አላሉም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ክር?»

«ክር።»

«የእኔ ጭንቅላት ችግር የለም?»

«የለም። ክሩ ብቻ።»

ጨርቁን እንደያዘ አሰበ። ከዚያ ወደ ሰማይ አመለከተና፣ «ክር ችግር አለ። ትክክል ነው። ያን ቀን ዝናብ ነበረ» አለኝ።

ሳቄ መጣ፣ ግን እንባም ቀድሞኝ ነበር። እሱ እንባዬን እንዳላየ ሆኖ ለአንዱ ሠራተኛ በቻይንኛ የሆነ ነገር ተናገረ። ሠራተኛው በቻይንኛ መለሰለትና ሁለት ኩባያ ሻይ ይዞ መጣ። ሠራተኛው ከእኛው መንደር አካባቢ የመጣ የቤንች ሰው ነው፤ ሲናገር አንድም አልተደናቀፈም። መካኒኩ መገረሜን አይቶ በሠራተኛው አስተርጓሚነት ማብራራት ጀመረ። ከአዲስ አበባ የመጣው ቀያሽ አምስት ዓመት አብሯቸው ሠርቶ «ሻይ» የሚለውን ቃል እንኳ በቻይንኛ በትክክል ማለት አይችልም፤ የቤንች ልጆች ግን በሳምንት ይይዙታል። ለምን እንደሆነ አያውቅም።

እኔ አውቅ ነበር። የእኔም አፍ መፍቻ ቤንችኖን ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። በቤንችኖን አንድ ቃል ድምፁ ከፍ ሲል ሌላ ነገር ነው፣ ዝቅ ሲል ሌላ ነገር ነው፣ መሃል ላይ ሲቆም ደግሞ ሌላ። ቻይንኛም እንዲሁ መሆኑን መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ። ይህን ሠራተኛው ሲተረጉምለት ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠና ፈተነኝ። አንድ ቃል አራት ጊዜ በአራት ዓይነት አለልኝ። አራቱንም መለስኩለት። እንደገና ሌላ ቃል አለ፣ መለስኩ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡን፤ እሱ ይላል፣ እኛ እንመልሳለን። በመጨረሻ ጣቱን ወደኔ ቀስሮ፣ የቤንች ሰው ሙዚቃ አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ክራር አለ አልኩት፣ አባቴ ይመታል።

«ነገ ክራር አምጪ» አለኝ።

ይህን ማለት ለእሱ ቀላል ነው። አባቴ ሸዋ ቤንች አካባቢ ነው የሚኖረው፤ ሰባ ካለፈው ቆይቷል። ክራሩ አምስት ክር ያላት፣ በዕድሜ ብዛት የጠቆረች ናት። እኛ ዘንድ ክራር ለዘፈን ብቻ አይደለም። ቋንቋችን በድምፅ መውጣትና መውረድ የሚለይ ስለሆነ፣ ቃሉን ሳይናገሩ ድምፁን ብቻ ክራር ላይ በመምታት ወይም በማፏጨት መነጋገር ይቻላል። ልጅ ሆኜ አባቴ ከደጃችን ሆኖ ሲያፏጭ ከሸለቆው ማዶ ያለው ጎረቤታችን በፉጨት ይመልስለት ነበር፤ ላሟ ጎደሬው ውስጥ ገብታለች፣ ነገ ለደቦ ና፣ እንግዳ መጥቶብኛል። ይህ ሁሉ ግን የወንዶች ነገር ነው። ሴት አታፏጭም፣ ክራርም አታነሳም። እኔ ጎደሬ እየላጥኩ አዳምጥ ነበር። አባቴ ገበያ ሲሄድ ክራሩን አውርጄ እሞክር ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን ድንገት ተመልሶ ያዘኝ። አልመታኝም። ክራሩን ከእጄ ወስዶ ቀድሞ ከነበረችበት ከፍ አድርጎ ሰቀላት። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

በማግስቱ እሑድ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የቡና ከረጢት ይሰፋ ነበር። ስለ ሕንዳዊው፣ ስለ ቻይናዊው፣ ስላጠፋሁት ጥፋት ሁሉ ነገርኩት። እየሰፋ ሰማኝ። ክራሩን ማን ሊመታው ነው አለኝ። እኔ አልኩት። መርፌውን ከረጢቱ ላይ ሰክቶ ተነሳ፣ ወደ ውስጥ ገባ፣ ክራሩን ከግድግዳው አውርዶ ይዞ መጣና እጄ ላይ አኖራት።

«በአፍሽ አትጠይቂኝ» አለ። «በእሷ ጠይቂኝ።»

ክራርህን አውሰኝ የሚለውን በክሮቹ ፈለግኩት፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ፣ እንደገና ከፍ። ጨርሼ ቀና ስል አባቴ አፉን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የጠየቅኩት ላም ነው ብሎ ነገረኝ። ላምህን አውሰኝ ብያለሁ። ሁለታችንም እንደዚያ የሳቅንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከዚያ ጎኔ ተቀመጠና ጣቶቼን ይዞ አስተካከለኝ። እስኪመሽ ድረስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሊያስተምረኝ የሚገባውን ሁሉ አስተማረኝ። ስሄድ ክራሩን በነጠላ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ሦስተኛው ልምምድ ላይ መካኒኩ ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ አገኘነው። ዶክተሩ ገና ከበር ሳሉ እጃቸውን ዘረጉለት፤ እሱም ክሩን በጣቱ እየጠቆመ፣ «ክር ልክ አይደለም። እኔ ልክ» አለ። ለዶክተሩ ተረጎምኩላቸው። በሳቅ ዓይናቸው ጠፋ።

ዋሽንት አይቃኝም፤ ቀዳዳው የሰጠውን ነው የሚሰጠው። ስለዚህ መካኒኩ ክሮቹን ወደ ዋሽንቱ አመጣ፣ እኔም ክራሬን ወደ ዋሽንቱ አመጣሁ። አምስቱን ክር በትዝታ ቅኝት ቃኘሁና ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በቀስታ አሰማሁ። ሌላ የማውቀው አልነበረም። ዶክተሩ ድንገት ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ወደ ባለቤታቸው ዞረው በቋንቋቸው ተነጋገሩ፤ ባለቤታቸው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ያንኑ አምስት ድምፅ በጉሮሯቸው አዜሙት። ዶክተሩ በሰባት ዓመታቸው መምህራቸው መጀመሪያ ካስተማሯቸው ስልቶች አንዱ ይኸው እንደሆነ ነገሩኝ፤ በእነሱ አገር ሞሃናም ይባላል። እኔ ይህን ለመተርጎም ወደ መካኒኩ ስዞር እሱ ደጋኑን አንስቶ ጀምሯል። እናቱ ሩዝ ስታጥብ የምታዜመውን ዜማ ነው የተጫወተው። ከአምስቱ ድምፅ አንዴም አልወጣም። ምንም መተርጎም አላስፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት በሕይወቴ ከኖርኳቸው ሁሉ የሚጥሙ ነበሩ። ዶክተሩ አንድ ሐረግ ይነፋሉ፣ መካኒኩ ያንኑ ይዞ በራሱ አገር መንገድ ይመልሳል፣ ዶክተሩ ደግሞ የእሱን ይወስዳሉ። ሲጠፋፉ ክራሩ ላይ ይገናኛሉ። የዶክተሩ ባለቤት ሁላችንንም በእጃቸው ይዘውን ነበር፤ ማን እንደፈጠነ፣ ማን እንደዘገየ በጣታቸው ይነግሩናል። እኔ መድረክ ላይ እወጣለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ባነሩ ላይ የተጻፈው የሕንድና የቻይና ሙዚቃ ነው፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ይህን ስናገር ዶክተሩ ዋሽንታቸውን ማህደሩ ውስጥ መክተት ጀመሩ።

«ክራሩ ካልመጣ እኔም አልመጣም» አሉኝ። ለመካኒኩ ተረጎምኩለት፤ በዚህ ጊዜ ቃል በቃል። እሱም መሣሪያውን መጠቅለል ጀመረ። ተሸነፍኩ።

ኮንሰርቱ የሆነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ የገበያ ቀን። የከተማው አዳራሽ ያን ያህል ሲሞላ አይቼ አላውቅም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ ብርቱካናማ ሰደርያቸውን ያላወለቁ የመንገድ ሠራተኞች አሉ፣ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ የጉራጌና የስልጤ ነጋዴዎች አሉ፣ ገበያ አድርሰው ባዶ ከረጢታቸውን በብብታቸው የያዙ ገበሬዎች ከኋላ በሩ አጠገብ ቆመዋል። የእኔ ተማሪዎች በረድፍ ተቀምጠው ይጠቋቆሙብኛል። አባቴ ከፊት ነው። ካፖርቱን ለብሶ፣ በትሩን በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ፣ ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ባለሥልጣናት ዞር ብሎም አላያቸው።

ዶክተሩ ብቻቸውን ሲጫወቱ መልካም ሆነ። መካኒኩ ሲጫወትም ሠራተኞቹ አዳራሹን በፉጨትና በጭብጨባ አናጉት። ከዚያ እኛ ሦስታችንና የዶክተሩ ባለቤት አብረን ወጣን። ገና ሳንጀምር ዝናቡ ጣሪያው ላይ ወረደ። የሚዛንን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለውን ሰው ድምፅ አትሰማም። ስፒከሩን ከፍ አድርጉት ተባለ። ከፍ ሲያደርጉት መብራት ሄደ።

አዳራሹ ጨለም አለ። ማይክሮፎኑ ሞተ። ኃላፊው እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ መድረኩ ጥግ ቆሟል። ሰው መንጫጫት ጀመረ፣ ከኋላ ያሉት ወደ በሩ ተገፋፉ፤ ዝናቡ ባይዝባቸው ኖሮ ወጥተው ነበር። ይህ ሁሉ ድካም እንዲህ ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩ።

መካኒኩ ብድግ አለ። ወንበሩን በአንድ እጁ፣ መሣሪያውን በሌላው ይዞ ከመድረኩ ወረደና ሰው መሃል፣ መሬት ላይ አስቀመጠው። «ውረዱ» አለን። ዶክተሩ ጫማቸውን አወለቁና ወረዱ፣ ባለቤታቸው ሰሌናቸውን ይዘው ተከተሏቸው። እኔም ወረድኩ። በአካባቢያችን ያሉት ገብቷቸው አግዳሚ ወንበሮቹን እየጎተቱ ከበቡን። ከኋላ ያሉት ግን ምን እንደሆነ አያዩም፣ ጩኸቱም አልበረደም። ክራሬን መታሁ። ለራሴም አልተሰማኝም።

እንዴት እንደወሰንኩ አላውቅም። ጣቶቼን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አፏጨሁ። በቤንችኖን፣ ከፍና ዝቅ እያደረግኩ፣ የራቃችሁ ቅረቡ አልኩ። ፉጨት ዝናብ አይበግረውም፤ ለሸለቆ ማዶ ነው የተሠራው። በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ ዞሩ፤ ተማሪዎቼ አፋቸውን ከፈቱ። የማስተምር ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በአደባባይ አፏጨሁ። ከዚያ ከበሩ በኩል፣ ከገበሬዎቹ መካከል፣ አንድ ፉጨት መለሰ፤ መጣን ነው የሚለው። ሌላው ደገመው። ከረጢታቸውን እንደያዙ በሰው መሃል እየሰነጠቁ መጡ፤ እነሱ ሲመጡ የቀረውም ሰው ተከትሏቸው መጣ፤ ከተቀመጡት ኋላ ቆመው፣ በቆሙት ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው ዙሪያችንን ሞሉት። አባቴን አየሁት። በትሩን መሬት ላይ ጥሎ ቆሟል፣ ዓይኑን ከእኔ አላነሳም።

ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ዶክተሩ ጀመሩ። እንዲያ ተጠግቶ ለሚሰማ ሰው ማይክሮፎን አያስፈልገውም፤ የትንፋሻቸው መግቢያ ሳይቀር ይሰማ ነበር። መካኒኩ ተቀበላቸው። እኔ ከስር ገባሁ። የዶክተሩ ባለቤት ምቱን በጭናቸው ላይ ሲመቱ አጠገባቸው ያሉት ሴቶች አይተው አብረው መምታት ጀመሩ፣ ከዚያ ሠራተኞቹ በመዳፋቸው፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ዝናቡ ሲያይል እናነሳዋለን፣ ሲለሰልስ እናወርደዋለን። ሁለቱ ሰዎች ከልምምዱ አልፈው ሄዱ፤ እየተሳሳቁ፣ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ፣ ሰምቼው የማላውቀውን ዜማ አመጡ። ትዝታም ነበረ፣ ሞሃናምም ነበረ፣ ሩዝ የምታጥበው እናትም ነበረች። አንዲት የገበያ እናት እልልታዋን ለቀቀችው። ከዚያ ማን ያቆመዋል። ስንጨርስ ድገሙት አሉን፣ ደገምነው፤ ለሦስተኛ ጊዜም ደገምነው። ኃላፊው የመዝጊያ ንግግሩን በወረቀት ይዞ ነበር፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና መጥቶ ሁላችንንም አቀፈን። ሠራተኞቹ መካኒኩን ከነወንበሩ አንስተውት ነበር። እሱ ከላይ ሆኖ፣ በሳቅና በድንጋጤ መሃል፣ «ችግር የለም፣ ችግር የለም» ይላል።

ሰው ሲሳሳ አባቴ መጣ። ያቅፈኛል ብዬ ቆምኩ።

«ፉጨትሽ ጥርት ያለ ነው» አለኝ። «ሦስተኛው ክር ግን ወርዶብሽ ነበር።» ከዚያ ክራሩን ልመልስለት ስዘረጋ እጄን ወደኔው መለሰው። ቤቱ ግድግዳ ላይ ለምን ይሰቀላል፣ አንቺው ጋ ይሁን አለኝ። ዞሮ በትሩን የጣለበትን ፍለጋ ሄደ።

መካኒኩ መንገዱ ሲያልቅ ሄደ፤ ካምፑ በር ላይ ስንሰነባበት አርባ ያህል ሠራተኞች በቻይንኛ ሸኙት፣ እሱ በአማርኛ መለሰላቸው። ዶክተሩና ባለቤታቸው ክረምት ሲገባ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አሁንም ይጽፉልኛል፤ እዚያ አንዲት የልጅ ልጃቸው የክራር ድምፅ በስልክ እንድልክላት ትለምናለች ይላሉ፣ እልካለሁ።

ከኮንሰርቱ በኋላ በነበረው ሰኞ ግን ሦስት ሴት ተማሪዎች መምህራን ክፍል በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ክራር መማር እንፈልጋለን አሉኝ፤ አንዷ ቤት ውስጥ አያቷ እንደከለከሏት ነገረችኝ። አያትየውን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ሦስቱ በዓመቱ አሥራ አንድ ሆኑ። ባለፈው ዓመት ማሻ ላይ የትምህርት ቤቶች የባህል በዓል ነበርና ተጋብዘን በሚኒባስ ሄድን። ቴፒን አልፈን ወደ ጌጫ ዳገቱን ስንጀምር ልጆቹ ክራራቸውን አወጡ። አንዷ ጀመረች፣ ሌሎቹ ገቡ። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው፣ እጁን ዘርግቶ ሬዲዮኑን ዘጋና ዳገቱን በቀስታ መውጣት ቀጠለ።